ስለ ንባብ ቤታችን፦ መዋጮ በጀትን አይተካም

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ያልተገኙ ነዋሪዎች እንዲያነቡት በዚህ ሰሌዳ ላይ ወጥቷል።)



ማኅበራችን ዛሬ ስብሰባ የጠራው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። እሱም የንባብ ቤታችን ጉዳይ ነው። ሳናረዝም ለመናገር፣ ንባብ ቤቱ አልተዘጋም። ይዘጋል የሚል ደብዳቤም ለማንም አልደረሰም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቤት በደብዳቤ አይዘጋም፤ ቀስ በቀስ ነው የሚዘጋው። መጀመሪያ ጋዜጣው ቀረ። ቀጥሎ የተቃጠለው አምፑል ሳይተካ ቀረ። ከዚያ የመጻሕፍት ሠራተኛዋ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረችና በቦታዋ ሰው ሳይመደብ ቀረ። አሁን ቁልፉ ያለው በጥበቃው አባት እጅ ነው። እሳቸውም ደግ ሰው ስለሆኑ ልጆች ሲለምኗቸው ይከፍቱላቸዋል። አመሻሽ ላይ ግን መብራት የለምና «በቃ ልጆች፣ ውጡ» ከማለት በቀር ምን ያድርጉ? የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቀናል። የተሰጠን መልስ «በጀት የለም» የሚል ነው።

በዚህ መሠረት በኮሚቴው ውስጥ ሁለት ሐሳብ ተነሣ። ገሚሱ «መንግሥትን ስንለምን ከምንውል አዋጥተን እንጨርሰው» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ግብር እየከፈልን ለምን እንደገና እናዋጣለን? አቤቱታ ጽፈን እንስጥ» አለ። ክርክሩ ብዙ ቆየ፤ ቡናው ሁለት ጊዜ ተፈልቶ አለቀ። በመጨረሻ የተስማማንበት ሐሳብ ሁለቱም መደረግ አለባቸው የሚል ነው። አንዱን ይዘን ሌላውን ከጣልን ግን ሁለቱንም እናጣለን። ለምን እንደዚያ እንዳልን በዝርዝር እናስረዳ።

በመጀመሪያ «ማን ነው የሚጠቀምበት?» ለምትሉን። በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩትን የገጠር ልጆች ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ቤት ያከራየንም አለን። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤተሰብ ሄደው የሳምንቱን ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ። በዚያች ክፍል አንዱ ሲያበስል ሌላው ይተኛል፤ ሌላው ደግሞ ሻማ ለኩሶ ለማንበብ ይሞክራል። ወንበር የለ፣ ጠረጴዛ የለ። ለእነዚህ ልጆች ንባብ ቤቱ ትርፍ ነገር ሳይሆን ጠረጴዛቸው ነው። ከእነሱ ሌላ ጡረታ የወጡ መምህራን አሉ። ሥራ ሲጠፋ ጥላ ፍለጋ ገብተው ጋዜጣ የሚያገላብጡ የቀን ሠራተኞችም ነበሩ፤ ጋዜጣው ሲቀር እነሱም ቀሩ።

ስለ ተማሪዎቹ ስንናገር አንድ ቁጥር እናንሣ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆኑ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ይህ ቁጥር የአገር ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ነው። ንባብ ቤት ቢከፈት ሁሉም ያልፋል ብለን አናታልላችሁም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የመማሪያ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ በጊዜው እንዳልደረሰ ግን ወላጅ ሁሉ ያውቃል። ባለፉት ዓመታት በወለጋ ሰላም በመታወኩ ስንት ትምህርት ቤት ሥራ እንዳቋረጠም አንረሳም። ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ ያመለጠውን የሚያካክሰው በምንድን ነው? መጽሐፍ ባለበት፣ መብራት ባለበት ቦታ ቁጭ ብሎ በማንበብ ነው እንጂ ሌላ ምን መንገድ አለው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። መሥሪያ ቤቱ «የለም» ሲል ውሸት ነው አላልንም። የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ የሚሄድ ነው። የሚተርፈው የሥራ ማስኬጃ ለመምህሩ ጠመኔ፣ ለጤና ጣቢያው፣ ለነዳጅና ለውሎ አበል ይከፋፈላል። በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ዋጋው ወጥቷል። የወረቀትና የማተሚያ ዕቃ ከዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ የመጻሕፍት በጀት ሳይነካ በነበረበት ቢቆይ እንኳ የሚገዛው መጽሐፍ ያነሰ ነው። ይህን እናውቃለን። የምናውቀው ሌላም ነገር አለ። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ጮሆ የሚጠይቅ ሰው የሌለው ነው። የውሃ ቦኖ ሲደርቅ እናቶች ጀሪካን ይዘው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ይቆማሉ። ንባብ ቤት ሲጨልም የሚቆመው ማን ነው? አንባቢ ዝም ያለ ፍጡር ነው፤ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመልከት። መጽሐፍ ወደዚህ አገር የመጣው በብዙ ድካም ነው። አናሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ በባርነት ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ ሰው ነው። ከነ አስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ የኦሮምኛ መጻሕፍትን በግዕዝ ፊደል ያዘጋጀው በምጽዋ አቅራቢያ በምኩሉ ነበር። የኦሮምኛው የንባብ መማሪያ እ.ኤ.አ. በ1894 እዚያው ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊዘርላንድ። ወደ ወለጋ ለመግባት የቻሉት ግን እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ከዚያ በኋላ ነው ነቀምት ላይ ትምህርት ቤት የተከፈተው። ከእኛ ዘንድ ነቀምት ቅርብ ነው፤ አስፋልቱን ይዞ መሄድ ነው። እነዚያ ሰዎች ግን ያን መጽሐፍ ይዘው እስኪደርሱ ስንት ዓመት ፈጀባቸው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱ ኦሮምኛን ጨምሮ በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ ወደ አሥራ አምስት አደገ። ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ፊደል የቆጠረው ሰው መልሶ እንዳይረሳ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ንባብ ቤቶች ተሠሩ። ሕዝቡ እንጨት ቆርጦ፣ ጭቃ ረግጦ፣ ገንዘብ አዋጥቶ ነው የሠራቸው። ታዲያ የት ሄዱ? ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ብዙዎቹ ደብዛቸው ጠፋ። እኛ የምናምነው የጠፉበት ዋናው ምክንያት ሕዝቡ መጽሐፍ ስለጠላ አይደለም። ቤቱ በመዋጮ ተሠራ፤ መደርደሪያው በመዋጮ ተሞላ፤ ጠዋት መጥቶ የሚከፍተው ሰው ግን በማንም የደመወዝ መዝገብ ላይ በቋሚነት አልነበረም። ዘመቻው ሲቀዘቅዝ ቁልፉም ጠፋ። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ለምሳሌ በሰፈራችን 200 ቤት በየወሩ 20 ብር ቢያዋጣ በወር 4,000 ብር፣ በዓመት 48,000 ብር ይሆናል። አንድም ቤት ሳይጎድል፣ አንድም ወር ሳያልፍ ማለት ነው፤ እድር የሰበሰበ ሰው ይህ እንዴት እንደሆነ ያውቀዋል! በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው ማሻሻያ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ 6,000 ብር ሆኗል። እንግዲህ የሰፈሩ መዋጮ በሙሉ ተጠራቅሞ የአንድ ዝቅተኛ ሠራተኛ የወር ደመወዝ አይሞላም። በወረዳ ደረጃ ስናየው ግን አንድ የመጻሕፍት ሠራተኛ ማለት ከብዙ መቶ ሠራተኛ አንድ ሰው ነው። ለእኛ የማይቻለው ለበጀቱ ትንሽ ነው። በአንጻሩ 48,000 ብር አምፑል፣ አግዳሚ ወንበር፣ የተቀደዱ መጻሕፍት ጥረዛና የተወሰኑ አዳዲስ መጻሕፍት ላይ ቢውል ቤቱ ሌላ ቤት ይሆናል። ስለዚህ ሠራተኛ፣ መብራትና ጋዜጣ ከበጀት፤ መጽሐፍ፣ ወንበርና እድሳት ከእኛ። ይህን ድንበር እንጠብቅ ነው የምንለው። እኛ ደመወዙን እንከፍላለን ያልን ቀን የሥራ መደቡ ከበጀት ሰነዱ ይወጣል። አንዴ የወጣ መደብ ደግሞ መልሶ ማስገባት ከባድ ነው። በሁለተኛው ዓመት ቡና ዋጋ ሲወርድ መዋጮው ይቀንሳል፤ ያኔ ከሁለቱም የለንበትም።

ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ኮድ ኢትዮጵያ የሚባለው ድርጅት በአገራችን ወደ መቶ የሚጠጉ የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍትን ሲያቋቁም የተከተለው መንገድ ተመሳሳይ ነው። ድርጅቱ መጽሐፍና ሥልጠና ያመጣል፤ ቤቱንና ሠራተኛውን ግን ማኅበረሰቡና የአካባቢው አስተዳደር እንዲችሉ ይጠይቃል። ሰጪው ሲሄድ ቤቱ እንዳይዘጋ ነው።

የአቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስም ታሪክ ይታወቃል። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ይሠሩ ነበር። ስለ ማሞ ቂሎ የሚነገረውን የቆየ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትመው ለሥራው ገንዘብ አሰባሰቡበት። ከዚያ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሐዋሳም መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ልጆች ዘንድ እንዲደርስ አደረጉ። ጋሪውን እኛም አገር እናውቀዋለን፤ መጽሐፍ ተጭኖበት ግን አይተን አናውቅም።

ከጎረቤት አገርም እንይ። ናይሮቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የማክሚላን ቤተ መጻሕፍትና በካሎሌኒና በማካዳራ ሰፈሮች ያሉት ቅርንጫፎቹ አርጅተው ነበር። ቡክ ባንክ የሚባለውን ድርጅት ያቋቋሙ ሁለት ሴቶች፣ ዋንጂሩ ኮይናንጌና አንጄላ ዋቹካ፣ ከ2017 ጀምሮ ገንዘብ እያሰባሰቡ ቅርንጫፎቹን አደሱ። ቤተ መጻሕፍቱ ግን የከተማው አስተዳደር ሆነው ቀሩ። አደሱ እንጂ አልወሰዱም፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

«የሀብታም አገር ቤተ መጻሕፍት መቼ ይቸግረዋል?» የሚል ካለ፣ ይቸግረዋል። ኒው ዮርክ ከተማ በኅዳር 2016 ዓ.ም. በበጀት ቅነሳ ምክንያት አብዛኞቹ ቤተ መጻሕፍት እሑድ መክፈት አቆሙ። ነዋሪው ደብዳቤ ጻፈ፤ በከተማው ምክር ቤት ቀርቦ ቃሉን ሰጠ፤ በማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ላይ ተሰልፎ ቆመ። በሰኔ ወር የቀጣዩ ዓመት በጀት ሲጸድቅ ከ58 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነው ገንዘብ ተመለሰ። እኛ የምንጠይቀው 58 ሚሊዮን አይደለም። የምንጠይቀው አንድ ሠራተኛ፣ የመብራት ሒሳብና ጋዜጣ ነው። ልብ በሉ፤ የኒው ዮርክ ሰዎች የተሳካላቸው በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ስለተናገሩ ነው። ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ አቤቱታ ለዓመቱ ከማዘን ሌላ አይጠቅምም።

የእኛ የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። ረቂቁ የሚዘጋጀው ከዚያ በፊት ነው። መሥሪያ ቤቶች ፍላጎታቸውን ያቀርባሉ፣ ካቢኔው ያየዋል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቀዋል። አቤቱታችን ወደ ካቢኔው ሳይገባ መድረስ አለበት። ለመሥሪያ ቤቱ ብቻ ሳይሆን በግልባጭ ለመረጥናቸው የምክር ቤት አባላትም መድረስ አለበት። ጽሑፉ አጭር ይሁን ብለናል፤ አንድ ገጽ። ልመና አይደለም፤ ስድብም አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አቤቱታ የማቅረብ መብትን በአንቀጽ 30 ይደነግጋል። በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ተጽፏል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣውና በ2022 የታደሰው መግለጫም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የአካባቢና የአገር አስተዳደር ኃላፊነት መሆኑን፣ አገልግሎቱም በመሠረቱ ያለ ክፍያ መሆኑን ይናገራል። እነዚህን ሁለት ሦስት መስመር እንጠቅሳለን፤ ጥያቄአችንን እንጽፋለን፤ መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። በቃል የተሰጠ መልስ ሰውየው ሲዛወር አብሮ ይዛወራል።

ከፊርማው ይልቅ ግን የሚያሳምነው መዝገብ ነው። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በንባብ ቤቱ በር ላይ አንድ ደብተር ይኖራል። የገባ ሁሉ ስሙን፣ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ይጽፍ። መጽሐፍ ፈልጎ ያጣ ደግሞ ያጣውን መጽሐፍ ይጻፍ። ጨለማ ሆኖ የተመለሰም «መብራት ስለሌለ ተመለስኩ» ብሎ ይጻፍ። ይህን ደብተር ምክር ቤት ፊት ስናስቀምጥ «ማን ይጠቀምበታል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኛል። ወጣቶች ሆይ፣ በዚህ ላይ ቀልድ አትጻፉበት፤ አደራ። ለወረዳው በጀት ደግሞ ዓይናችንን እንክፈት። በጀቱ በአጭሩ ተዘጋጅቶ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ የሚጠይቅ አሠራር ከመጣ ወደ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። ከመካከላችን ስንቶቻችን ቆመን አንብበነዋል? ኮሚቴው ሁለት ሰዎች መርጧል፤ የተለጠፈውን ገልብጠው እዚህ ሰሌዳ ላይ በሚገባን ቋንቋ ያወጡታል።

ስለ መዋጮው አሠራር ጥቂት። ገንዘቡ በእድር ቀን አብሮ ይሰበሰባል፤ ለብቻው ሰው ማዞር ያታክታል። ያለ ደረሰኝ አንድ ብር እንዳትሰጡ። ባንክ የሚገባው በሦስት ሰዎች ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሒሳብ ነው፤ የወሩ ገቢና ወጪ በየወሩ እዚህ ይለጠፋል። በገንዘብ የማይችል በጉልበት ይምጣ። ደቦና ጅጊ የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ አናጢ አለን፣ ቀለም ቀቢ አለን፣ መጽሐፍ የሚጠርዝ እንኳ አለን። ቡና ለቅመው የሸጡ አባቶች ደግሞ በሽያጩ ሰሞን የዓመቱን ባንድ ጊዜ ቢከፍሉ ይቀላቸዋል።

መጽሐፍ ለምታመጡ አንድ ነገር እንናገር፤ አትቀየሙን። ንባብ ቤት የአሮጌ ወረቀት መጣያ አይደለም። ገጹ የረገፈ፣ ማንም የማያነበው የውጭ አገር ካታሎግ አታምጡ። በጣም የሚፈለገው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ፣ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች፣ መዝገበ ቃላት፣ የኦሮምኛና የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የሕፃናት ተረት ነው። ልጆቻችን የሚማሩት በኦሮምኛ ስለሆነ በኦሮምኛ የተጻፈ የሕፃናት መጽሐፍ ያገኘ ሰው ቅድሚያ ይስጠን። አዲስ አበባና ነቀምት፣ ውጭ አገርም ያሉ ልጆቻችሁን አስታውሷቸው፤ ዝርዝሩን ላኩላቸውና ከዝርዝሩ ይግዙ። የመጣው መጽሐፍ ሁሉ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ የንባብ ቤቱ ንብረት ይሆናል። በእጅ ብቻ ተቀብሎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ የለም፤ ያልተመዘገበ መጽሐፍ እግር ያወጣል።

«አዲስ አበባ ላይ አብርሆት ተከፍቶ የለም ወይ? ለምን ከዚያ አይመጣልንም?» የሚል ጥያቄም ተነሥቷል። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ባንድ ጊዜ ያስተናግዳል ይባላል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ደስ ይላል። ያኔ መደርደሪያውን ለመሙላት አገር ሁሉ መጽሐፍ ሲለግስ አይተናል። ሕዝብ ሲጠየቅ እንደሚሰጥ ምስክር ነው። ነገር ግን ከእኛ ልጅ እስከዚያ ድረስ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የቤት ሥራውን የሚሠራበት ጠረጴዛ የሚያስፈልገው እዚሁ ነው።

አሁን ሥራውን እንከፋፈል። የአቤቱታው ረቂቅ ከዚህ ሰሌዳ አጠገብ በክር ታስሮ ተሰቅሏል። ያልገባችሁ ቃል ካለ ከሥሩ አስምሩበት፤ ይስተካከላል። ፊርማ የሚሰበሰበው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ዘወትር ከሰዓት በኋላ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ነው፤ መጻፍ የማትችሉ እናቶች በጣት አሻራ ትፈርማላችሁ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያሉ ተማሪዎች በአቤቱታው ላይ ሳይሆን በንባብ ቤቱ ደብተር ላይ ይጻፉ። መጪው እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ንባብ ቤቱ ይጸዳል። መጥረጊያ፣ ባልዲና መሰላል ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። አምፑሉን ማኅበሩ ገዝቶታል፤ መሰላሉ ነው የጠፋው።